ሦስት ጊዜ ካልለመኑት

ሮሆቦት ነፋስ ያጣመመውን የጃንጥላዋን ሽቦ በጣቶቿ እያቃናች፣ ፌርማታው ላይ የተሰለፉትን ሰዎች በዓይኗ ትቆጥር ነበር። አርባ ሰባት። አርባ ሰባት ጤነኛ የሚመስሉ ሰዎች፣ በእሑድ ጠዋት፣ ዝናቡ ዶፉን እያወረደው፣ አሮጌ አውቶቡስ ለመሳፈር ቆመዋል። የሚሄዱበት ጉዳይ የላቸውም። ላምበርትሴተር የሚባለው ሰፈር ደርሰው ይወርዳሉ፣ ፎቶ ያነሳሉ፣ ከዚያ በሌላ አሮጌ አውቶቡስ ይመለሳሉ። አንዱ ማይክሮፎኑን በላስቲክ ሸፍኖ የሞተር ድምፅ ለመቅዳት ተዘጋጅቷል። ግማሾቹ ነገ አውቶቡስ አራት ደቂቃ ዘገየብን ብለው ለከተማው አስተዳደር አቤቱታ የሚጽፉ ሰዎች እንደሆኑ አልተጠራጠረችም። ዛሬ ሃያ ደቂቃ ቢዘገይባቸው ጥርሳቸው አልከደን ብሏል።

እሷ የመጣችው ለአባቷ ስትል ነው። ዋለልኝ በዚህ የኖርዌይ ከተማ ሃያ ስድስት ዓመት አውቶቡስ ነድቶ ጡረታ ከወጣ አራት ዓመት ሆኖታል። ዛሬ የሚወጣው ቀዩ አውቶቡስ፣ ቁጥር 714፣ ሥራ እንደጀመረ ተሰጥቶት ስምንት ክረምት የነዳው ነው። የአውቶቡስ መንጃ ፈቃዱ ደግሞ ሐሙስ ያበቃል፤ ሰባ አንድ ዓመት ሆኖታልና ሐኪሙ ከእንግዲህ ለማሳደሻው አልፈርምም ብሎታል። ከዛሬ በቀር ሌላ ቀን የለም ማለት ነው። ሳምንቱን ሙሉ ስለዚህ ነገር አንድ ቃል አልተነፈሰም። ነገር ግን የድሮ የደንብ ልብስ ሱሪውን ሁለት ጊዜ ሲተኩስ አይታዋለች።

አውቶቡሱ ጭቃ ውኃ እየረጨ መጥቶ ቆመ። ሰልፈኛው አጨበጨበ። መሪው ላይ የተቀመጠው የአሮጌ አውቶቡስ ወዳጆች ማኅበር ሊቀ መንበር ፊሊፕ ነው። ፊሊፕ የጥርስ ሐኪም ነው። ለደመወዝ ብሎ አንድ ቀን እንኳ አውቶቡስ ነድቶ አያውቅም፤ የሹፌር ኮፍያ ግን ከየትም ፈልጎ ደፍቷል።

«ዋለልኝ! እንኳን መጣህ» አለ በሩን ከፍቶ። «ላምበርትሴተር ድረስ አንተ ትነዳለህ?»

ዋለልኝ አይሆንም በሚል ሁለት እጁን አነሳ። «ኔይ፣ ኔይ፣ ኧረ አንተው ንዳ።»

«እሺ» አለ ፊሊፕ፤ ከደረት ኪሱ የሹፌሮቹ ተራ የተጻፈበትን ወረቀት አውጥቶ የዋለልኝን ስም ሰረዘው።

ዋለልኝ እጁን እንዳነሳ ቀረ። በሱ አገር ደንብ ጨዋታው ገና መጀመሩ ነበር። ፊሊፕ «እንዴት ተደርጎ!» ማለት ነበረበት። ዋለልኝ «ግድ የለም» ይላል። ፊሊፕ «አፈር ስሆን» ብሎ ክንዱን ይጎትታል። ያን ጊዜ ዋለልኝ ተገድዶ፣ እያፈረ፣ ሄዶ መሪውን ይይዛል። ፊሊፕ ግን ኔይ ሲሉት ኔይ ነው ብሎ ያደገ ሰው ነው። አዎ ለማለት አንድ ፊደል በሚበቃበት ቋንቋ፣ «ያ» ማለት አቅቶት ቆሞ የቀረውን አባቷን ሮሆቦት በንዴት አየችው።

ገብተው ሦስተኛው ወንበር ላይ ተቀመጡ።

«አባዬ፣ ምን ሆነህ ነው?»

«ምን ሆንኩ?»

«ጠየቀህ እኮ!»

«ከልቡ አይደለም። ከልቡ ቢሆን ይደግመው ነበር።»

«እዚህ አገር ማንም ማንንም ሁለቴ አይለምንም። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ምን ስታይ ነበር?»

«መንገድ» አለ ዋለልኝ።

ፊሊፕ ፍሬኑን እንደ በረሮ ነበር የሚረግጠው። በረገጠ ቁጥር ተሳፋሪው ሁሉ ወደ ፊት ተደፍቶ ይስቃል። ጣራው ያፈሳል፤ ጠብታው አናቱ ላይ የሚያርፍበት ሰውዬ ስጦታ እንደተሰጠው ሁሉ ፈገግ ብሎ ቀና ይላል። የዋለልኝ ቀኝ እግር ወለሉን ይረግጥ ነበር። ከያንዳንዱ ኩርባ በፊት ለራሱ «አሁን» ይላል፤ ፊሊፕ ሁልጊዜ ዘግይቶ ይረግጣል።

ባለ ማይክሮፎኑ ከፊታቸው ዞር አለና ለዋለልኝ ማስረዳት ጀመረ። «የዚህ ዓይነቱ አውቶቡስ ማሞቂያው ሠርቶ አያውቅም።»

«ይሠራል» አለ ዋለልኝ። «ጎኑን በእርግጫ ሲሉት ነው የሚነሳው።»

ሰውዬው ምሁር ሕፃንን በሚያይበት ዓይን አየው። «መጽሐፉ ላይ እንዲህ አይልም» ብሎ ፊቱን መለሰ።

ላምበርትሴተር ሲደርሱ ሁሉም በዝናቡ ወርደው አውቶቡሱን ከፊትም ከኋላም ፎቶ ያነሱት ጀመር። ሮሆቦት ፊሊፕን መጠለያው ሥር ቫፍል የሚሉትን ጣፋጭ ቂጣ ሲበላ አገኘችው።

«አባቴ መንዳት ይፈልጋል» አለችው በኖርዌይኛ።

«ጠይቄው ነበር እኮ። ኔይ አለኝ።»

«ኔይ ማለቱ አልነበረም።»

«ታዲያ ምን ማለቱ ነው?»

ሮሆቦት የተወለደችበት ከተማ ውስጥ፣ አፏን በፈታችበት ቋንቋ፣ ለዚህ የሚሆን ቃል አልነበረም። «በቃ ደግመህ ጠይቀው» አለች።

ፊሊፕ ወረቀቱን አየ። የተሳፋሪው መልስ ጉዞ በሌላ አውቶቡስ፣ በሌላ ሰው ስም ተይዟል። የቀረው 714ን ባዶውን ወደ ጋራዥ መመለስ ብቻ ነው። ዝርዝሩ ተለጥፏል፤ የተለጠፈ አይቀየርም። ቫፍሉን እያላመጠ ወደ ዋለልኝ ሄደ።

«ዋለልኝ፣ ባዶውን ወደ ጋራዥ ትወስደዋለህ?»

የዋለልኝ እጆች ከጎኑ መነሳት ጀመሩ። ሮሆቦት አየቻቸው።

«አባዬ» አለች በአማርኛ፣ «ሦስተኛ የለም። ይሄ ሁለተኛውም የኔ ነው።»

እጆቹ ቆሙ። «ባዶውን?» አለ እሱም በአማርኛ። «ሃያ ስድስት ዓመት ሰው ስጭን የኖርኩትን ሰውዬ፣ ባዶውን?»

«ባዶውን።»

ፊሊፕ ሰዓቱን አየ።

«ያ» አለ ዋለልኝ።

«ጥሩ» አለ ፊሊፕ። የሰረዘውን ስም ከታች መልሶ ጻፈና ቁልፉን ሰጥቶት ወደ ቫፍሉ ተመለሰ። በቃ፣ ይኸው ነው። ይህች ታህል ነገር ለመነጋገር ሁለት የተከበሩ ሽማግሌዎች ግማሽ ቀንና አንዲት አስተርጓሚ አስፈለጋቸው።

ዋለልኝ መሪው ላይ፣ ሮሆቦት በሩ አጠገብ ያለው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ፊሊፕ ትቶት የወረደውን ኮፍያ በሁለት ጣቱ አንስቶ ኋላ ወንበር ላይ ጣለው፤ ወንበሩን ወደ ፊት ሳበ፤ መስታወቶቹን አስተካከለ፤ ማሞቂያውን ጎኑን በእርግጫ አለው። ማሞቂያው አጉረመረመና እግራቸው ሥር ሞቅ ያለ አየር መጣ። ባለ ማይክሮፎኑ መንገዱን ተሻግሮ ጀርባውን ሰጥቷቸው፣ ሌላኛውን አውቶቡስ ይቀዳ ነበር።

ዋለልኝ ግን አልተንቀሳቀሰም።

«ምን ትጠብቃለህ?»

«የመድረሻው ሰሌዳ አሁንም ላምበርትሴተር ይላል።»

«ማንም አያየውም፣ አባዬ።»

«የሚሳፈር መስሎት በዝናብ የሚሮጥ ሰው ይኖራል። በሥራዬ ሰው አሞኝቼ አላውቅም፤ ዛሬም አልጀምርም።»

ሮሆቦት ተነስታ ከፊተኛው መስኮት በላይ ያለችውን የሰሌዳ ማዞሪያ እጀታ ያዘች። የሰፈር ስሞች የተጻፉበት ጥቅል እየተንቋቋ ዞረ። ሮምሶስ አለፈ። ፉሩሴት አለፈ። ወደ ታች ወርዳ፣ ዝናቡ ፊቷን እየመታት አየችው፤ ጽሑፉ ግማሹ ተቆርጧል። ተመልሳ ገብታ ሩብ ዙር ጨመረች። አሁን ሰሌዳው በሙሉ ፊደል «ከአገልግሎት ውጭ» ይላል። እጀታዋን አጥፋ ወደ ቦታዋ መለሰችና የቆርቆሮ ክዳኑን ዘጋችው።