በእትዬ ስም የተጠራችው ቢራቢሮ

በሙዚየሙ የነፍሳት ክፍል ሁሉም «እትዬ» ይላታል፤ ዳይሬክተሩ ሳይቀር። እዚያ ከተቀጠረች ሃያ ዓመት ሊሞላት ነው። ሥራዋ በመርፌ የተሰኩ የደረቁ ቢራቢሮዎችን በየመሳቢያቸው መጠበቅ ነው። ከእያንዳንዱ ሥር፣ እዚያው መርፌ ላይ፣ የጥፍር ያህል ወረቀት አለች። ቢራቢሮው የትና መቼ እንደተያዘ የምትናገረው ያቺ ወረቀት ብቻ ናት።

ካለፈው ዓመት ጀምሮ አንዲት ወጣት ተመራማሪ፣ ሁሉም «ዶክተር» የሚሏት፣ የቢራቢሮዎቹን ዝምድና በጂናቸው እያጣራች ነበር። ድሮ በክንፍ ቀለምና በነጠብጣብ ብዛት ብቻ የተሰጡት ስሞች ብዙዎቹ ስሕተት ሆነው ተገኙ። እትዬ በወረንጦ ከእያንዳንዱ አንዳንድ እግር ትነቅላለች፤ ዶክተር ዲኤንኤውን ትመረምራለች። ወንድማማች የተባሉት ባዳ ይሆናሉ፣ ባዳ የተባሉት ወንድማማች።

«ሽምግልና ነው እኮ የያዝነው» ትላለች እትዬ፤ ይሳሳቃሉ።

አንድ ጠዋት ዶክተር ላፕቶፗን አቅፋ እየሮጠች ገባች።

«እትዬ፣ ቁጭ በይና ስሚኝ። ያቺ ቡናማዋ ቢራቢሮ አንድ ዝርያ አይደለችም፤ ሁለት ናት!»

«እንዴት አወቅሽ?»

«መሳቢያ አርባ ሁለት! ጂናቸው የተለያየ ቢራቢሮዎች በአንድ ጫካ፣ በአንድ ሳምንት ተይዘዋል። ጎን ለጎን እየኖሩ አይዳቀሉም ማለት ነው። ለአዲሷ ስም ያስፈልጋታል።» ትንፋሿን ሰበሰበች። «በአንቺ ስም ሰይሜያታለሁ። ስምሽ እንደ ሳይንሱ ወግ ላቲን ለብሶ ሊወጣ ነው!»

እትዬ ልትስቅ ሞከረች፤ ፊቷ እምቢ አላት።

ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት፣ የሙከራ ጊዜዋን ሳትጨርስ፣ ያንን መሳቢያ ከላይኛው መደርደሪያ ስታወርድ ከእጇ አመለጣት። አሥራ አራት ቢራቢሮዎች ከነመርፌያቸው ተነቃቀሉ፤ ወረቀቶቹ ከመርፌው ወልቀው ወለሉ ላይ ተበተኑ። ገሚሶቹ ከተራራው ጫካ፣ ገሚሶቹ ከቆላው የመጡ ነበሩ፤ ለዓይን ግን አንድ ናቸው። የያኔው አለቃ ደግሞ ለጠፋ እርሳስ ሰው የሚያባርር ዓይነት ነበር። በሩን ዘጋች፣ ተንበረከከች፣ ወረቀቶቹን እንደመሰላት መልሳ ሰካች። ነገ እናገራለሁ አለች። ያ ነገ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ፈጀ።

አሁንም እውነቱን አላወጣችም። እንዲያውም «እግዜር ይስጥልኝ» ብላ የዶክተርን ጉንጭ ሳመች። በኋላ ከሁሉ ይልቅ ያንገበገባት ያ መሳም ነበር።

ወሬው ከእሷ ቀድሞ ሰፈሯ ገባ፤ ሙዚየሙ የኢንተርኔት ገጹ ላይ ለጥፎት ኖሯል። ባለሱቁ ከመንገድ ማዶ «የቢራቢሮዋ እመቤት!» ብሎ ተጣራ። ልጇ ለትምህርት ቤት ጓደኞቿ ሁሉ አዳርሳለች። ባሏ «ይህን ሁሉ ዘመን ከታዋቂ ሰው ጋር መኖሬን ማን ነገረኝ!» እያለ ቀለደ። እትዬ ራሴን አሞኛል ብላ ከገበታው ተነሣች።

አራት ቀን እንዲህ አለፈ። ጽሑፉ ለኅትመት ሊላክ አንድ ቀን ሲቀረው የዶክተርን ቢሮ ከፍታ በሩ ላይ ቆመች።

«መሳቢያ አርባ ሁለት... ወረቀቶቹን አትመኛቸው።»

«ምን ሆኑ?»

«ወድቆብኝ ነበር። በግምት ነው የመለስኳቸው። የትኛው ከየት እንደመጣ አላውቅም። ማንም አያውቅም።»

የዶክተር እጅ ኪቦርዱ ላይ እንዳለ ቀረ። «ስንቱ?»

«አሥራ አራቱም።»

«እግራቸውን የነቀልሽው አንቺው ነበርሽ እኮ።»

«ነበርኩ።»

ዶክተር ወደ መስኮቱ ዞረች። ስትመለስ ድምፅዋ ቀዝቅዟል።

«እሺ። ለዳይሬክተሩ መንገር አለብን። እርስዎ ይቅደሙ።»

ዓመት ሙሉ አንቺ ስትላት ከርማ፣ ያቺ «እርስዎ» ከስድብ በላይ ወጋቻት። ኮሪደሩን አንገቷን ደፍታ አለፈችው።

አሥራ አራቱ ከጥናቱ ወጡ። በተረፉት ብቻ ሲታይ የተራራዎቹና የቆላዎቹ ልዩነት ተራርቆ ከመኖር የመጣ እንጂ ሁለት ዝርያ የሚያሰኝ አልነበረም። አዲሱ ስም ተሰረዘ፤ የሌሎቹ ቢራቢሮዎች የስም እርማት ግን እንዳለ ታተመ። ዳይሬክተሩ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጣት፣ ሥራዋን ግን አልነካባትም። ምነው በጮኸብኝ ብላ ተመኘች። ዶክተር ሰላምታዋን አልነፈገቻትም፤ ሳቁ ግን ቀረ።

ቤት ገብታ ለባሏና ለልጇ ሁሉንም ዘርዝራ ነገረቻቸው። ባሏ «እኔም ብሆን እደብቅ ነበር» አላት። ሊያጽናናት ነው፤ አልተጽናናችም።

«ለሁሉም ተናግሬያለሁ እኮ፣ እማዬ» አለች ልጇ። «አሁን ምን ልበላቸው?»

«እውነቱን። እናቴ ጥፋቷን ደብቃ ነበር በያቸው።»

ልጇ ክፍሏ ገብታ በሩን ዘጋች። ከዚያ በኋላ ጓደኞቿን ወደ ቤት ሳታመጣ ሳምንታት አለፉ። እትዬም ለምን ብላ አልጠየቀቻትም።