ሚሃካ በጨለማ ያወራው

ሚሃካ አፉ ከባድ ነው። የእናቱ ታላቅ እህት ናይሬ ለአስጎብኚነት ሁለት ጊዜ ፈትናው ሁለቴም ጣለችው። ሥራው እንግዶችን በተነፋ የመኪና ጎማ ከመነዳሪ ላይ አስቀምጦ፣ ከመሬት በታች በሚሄደው ወንዝ እየመራ አብሪ ትሎቹን ማሳየት ነው። ወንዙን ከእሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም። ችግሩ አስጎብኚ ማውራት አለበት። ባለፈው ፈተና ከዋሻው አፍ እስከ መውጫው የተናገረው አራት ቃል ነበር፤ አንዱ «ጎንበስ» ነው።

«እንግዶቹ እኮ የታገቱ መስሏቸው ነበር» አለችው ናይሬ ያኔ።

ዛሬ ሦስተኛውና የመጨረሻው ነው። ከወደቀ ሰኞ ወደ አጎቱ የላም እርባታ ይሄዳል። ላሞች ወሬ አይጠይቁም፤ ግን ከዋሻው ሩቅ ናቸው። ሚሃካ ደግሞ ከዋሻው ርቆ መኖርን አስቦት አያውቅም። መጀመሪያ ወደ ውስጥ የገባው የእሱ ቅድመ አያት መሆኑን እየሰማ ነው ያደገው።

እንግዶቹ ሻንጣ አዝለው አገር የሚዞሩ ናቸው፦ ቪብከ የምትባል ረጅም ጀርመናዊት፣ ከቺሊ የመጡ ሁለት ወንድማማቾች፣ እና ደርሞት የሚባሉ ጡረታ የወጡ አየርላንዳዊ ፖስተኛ። ደርሞት በዚህ ዕድሜ ሻንጣ ማዘል ምን እንደሆነ ለሚጠይቃቸው መልስ አዘጋጅተው ነበር የመጡት። እስከ ዛሬ የጠየቃቸው የለም።

ለቪብከ ልክ የሚሆን ቦቲ ጠፋ።

«ይሄ ይሰፋሻል» አላት ሚሃካ።

«ከሚጠበኝ ይስፋኝ።»

ነገር ከማስረዘም ብሎ ሰጣት።

በዋሻው አፍ ቆመው ሚሃካ ጸሎቱን በአባቶቹ ቋንቋ አደረሰ። ድምፁ አልተንቀጠቀጠም፤ ጸሎት የሌሎች ቃል ነው፣ ሰው የሚያፍረው በራሱ ቃል ነው። ቀጥሎ የአክስቱ ልጅ ያስጠናውን ቀልድ አመጣ።

«የዋሻው በር ለምን አይዘጋም? ቁልፉን ትል በልቶት።»

ከቺሊዎቹ ታናሹ «በር ነበረው እንዴ?» ብሎ ጠየቀ።

«የለውም» አለ ሚሃካ። ናይሬ ከኋላ ሆና መብራት ያለበትን የራስ ቁሯን አስተካከለች። በፈተና ላይ ሰው ካልሰጠመ በቀር መናገር አይፈቀድላትም።

በየከመነዳሪያቸው ተንሳፍፈው ትሎቹ ያሉበት ጋ ሲደርሱ ሚሃካ እንግዶቹን በተርታ አያያዛቸው። እያንዳንዱ እግሩን ከፊቱ ባለው ሰው ብብት ስር ያስገባል፣ የፊተኛው ጭምቅ አድርጎ ይይዛል፣ ሁሉንም መሪው ይጎትታል። የቪብከ ቦቲዎች ሚሃካ ብብት ገቡ። መጨረሻ ላይ ናይሬ አለች።

«መብራት አጥፉ። ድምፅ እንዳታሰሙ» አለ።

ጨለመ። ቆይቶ ጣሪያው ሰማያዊ ነጥብ በነጥብ ሆነ። ሚሃካ ግድግዳው ላይ የተወጠረውን ገመድ እየሳበ መጎተት ጀመረ። የማንም ፊት አይታየውም፣ የእሱንም የሚያይ የለም። ከየት እንደመጣ እንጃ፣ ምላሱ ተፈታ።

«ይሄ የምታዩት ብርሃን ረሃብ ነው» አለ። «የጠገበ ትል አያበራም ማለት ይቻላል። የራበው ነው እንዲህ የሚደምቀው። ክሩን ያንጠለጥልና ይጠብቃል፤ ትንኟ ሰማይ መስሏት ትመጣለች። እዚህ ውስጥ ያማረው ሁሉ ምሳውን ያልበላ ነው።»

ማንም አልሳለም። ጭነቱ ራሱ የቀለለው መሰለው። ቀጠለ። ሆኔና ራዊሪ የተባሉ ሁለት ወንድማማቾች ዋሻውን እንዴት እንዳገኙት፣ የእሱ ቅድመ አያት ሆኔ የቅጠል ችቦ ይዞ በገመድ ታስሮ እንዴት እንደገባ፣ ራዊሪ ደግሞ ውጭ ሆኖ እንዴት ገመዱን እንደያዘለት ተረከ። ችቦው ሲጠፋና ጣሪያው ሲበራ ሆኔ የሞተ መስሎት እንደነበር፣ ከዚያ ብርዱ ሲጠናበት በሕይወት መኖሩን እንዳወቀ ጨመረ። እንዲህ ያለ አድማጭ በዕድሜው አልገጠመውም።

«ጥያቄ አላችሁ?»

ዝም።

«በርዷችኋል እንዴ?» ብሎ በብብቱ የያዘውን እግር ጠበቅ አደረገ። እግሩ እንደ ወረቀት ታጠፈ።

መብራቱን አበራ። በቀኝ ብብቱ አንድ ቦቲ፣ በግራውም አንድ ቦቲ አለ። ከቦቲዎቹ ወዲያ ጥቁር ውሃ እንጂ ሰው የለም።

ሕጉ የታወቀ ነው። ሰው የጠፋበት መሪ ፊሽካ ይነፋል፤ በፈተና ቀን የነፋ ደግሞ ወደቀ ማለት ነው። ሚሃካ ፊሽካውን ይዞ አሰበ። በጨለማ ተመልሶ፣ ቦቲዎቹን ቀስ አድርጎ አጥልቆላት፣ ምንም እንዳልሆነ ሰው ቢቀጥልስ? ከዚያ ደርሞትና ሽማግሌ ጉልበታቸው ትዝ አሉት። ነፋ።

«እዚህ ነን!» አለች ናይሬ ከወንዙ እጥፋት ወዲያ፣ ጎረቤት እንደጠራው ሰው ሆና። «የውሃ ሽክርክሪት ይዞናል። የሰጠመ የለም።»

ገመዱን እየሳበ ተመለሰ። መብራታቸውን እንዳጠፉ፣ አንገታቸውን ወደ ላይ አቅንተው፣ ባንድነት እንደ ወፍጮ ቀስ እያሉ ይዞራሉ። ቪብከ በካልሲ ናት።

«ሲወልቅብኝ ልጮህ ነበር» አለች። «ግን ድምፅ እንዳታሰሙ ብለሃል።»

«ወሬህ ከሩቅ ሲመጣ ጊዜ» አሉ ደርሞት፣ «እኔስ ቴፕ የከፈትክልን መስሎኝ ነበር። ጥሩ ቴፕ ነው።»

ሚሃካ ወደ ናይሬ ዞረ። «ወደቅኩ አይደል፣ አክስቴ?»

«ቆይ እስቲ። ሰው እኔም ጠፍቶብኝ ያውቃል፤ ውሃው መውጫው አንድ ነው። አሁን ማን ገባ ነው ያልከው?»

«የት?»

«እዚህ! ችቦ ይዞ!»

«ሆኔ ነዋ። አያታችን።»

«ማን ነገረህ?»

«አጎቴ።»

«ጠጥቶ ነው ሳይጠጣ?»

ሚሃካ ቦቲዎቹን ለቪብከ አቀበላት።

«የገባው ራዊሪ ነው፣ የወንዝ ማዶ ጎረቤቶቻችን አያት» አለች ናይሬ። «የእኛው ሆኔ ውጭ ቀርቶ ገመድ ነው የያዘው። አንተ የሰው አያት ሰርቀህ ለእንግዳ ታድላለህ! እነዚህ ሰዎች ነገ ማዶ አድረው ይህን ቢያወሩ፣ እኔ በምን ዓይኔ ነው እዚያ ለቅሶ የምቀመጠው? አስተካክል። አሁኑኑ፣ መብራት በርቶ፣ ፊታቸውን እያየህ።»

ሁሉም መብራታቸውን አበሩ። አምስት ብርሃን ሚሃካ ፊት ላይ አረፈ። ሰው ፊት ሲቆም ልቡን ያበረታለት የነበረው ያ ችቦ የያዘ ሰውዬ አሁን የጎረቤት ሆኗል።

«ቅድም የነገርኳችሁ ስህተት ነው» አለ። «የገባው ራዊሪ ነው። የወንዝ ማዶ ሰዎች ከእሱ ይወለዳሉ። ብርሃኑን መጀመሪያ ያየው እሱ ነው፣ ክብሩም የእነሱ ነው። የእኔ ቅድመ አያት ሆኔ ነው። አልገባም። ምንም አላየም። ደጅ ቆሞ ገመድ ሲይዝ ዋለ።»

«ለመሆኑ በደንብ ያዘው?» አሉ ደርሞት።

«ባይይዘውማ» አለ ሚሃካ፣ «ማዶ ሰው አይኖርም ነበር።»

ቺሊዎቹ ከመነዳሪው ላይ እስኪንሸራተቱ ሳቁ፤ ቪብከም ሳቀች፣ ደርሞትም ሳቁ። ሚሃካ ምን እንዳሳቃቸው አልገባውም፤ የተናገረው እውነት ነው። ናይሬ አልሳቀችም።

«ይቺን ማዶዎቹ ፊት እንዳትደግማት» አለችው። «ፊሽካውን ትቼልሃለሁ፤ ነገ የጠዋቱን ቡድን አንተ ትመራለህ። በል አሁን ጎትተን፣ በርዶኛል።»