የረፋዱ ክኒን

እኔ ስህን የሐይቅ ጤና ጣቢያ ድሬሰር ነኝ፤ መርፌዬንም ምላሴንም የሚያውቅ ያውቀዋል። ቀኑ የደረሰን ሰው አላድንም፤ እየጮኸ እንዲሞት ግን አልፈቅድም።

በሰባ ስድስት ዓመተ ምሕረት የሼህ ኢስሃቅ ነቀርሳ አከርካሪያቸው ደርሶ፣ የደሴ ሐኪሞች ወደ ቤታቸው ሸኟቸው። ቤታቸው ከአርዲቦ ሐይቅ በላይ ዳገቱ ላይ ነው። ሞቱን አልፈሩትም። የፈሩት የማስታገሻው ክኒን አደንዝዟቸው ሸሃዳ፣ የመጨረሻውን የእምነት ቃል፣ ሳይሉ እንዳይሄዱ ነው። ክርስቲያን ብሆንም ወሎ ተወልጄ ይሄ አይጠፋኝም። በልኩ ከተወሰደ ሕመሙን እንጂ ልብዎን አይወስድም አልኳቸው። ለምራታቸው ለኡሙሰልማ በቀን አምስት ጊዜ ስጪ፣ ሆድ ያደርቃልና ተልባ አጠጪበት ብያት ወረድኩ።

በሳምንቱ ኡሙሰልማ መጣች። ማታ ማታ ይፈዛሉ፣ ረፋድ ላይ ደግሞ ጎረቤት እስኪሰማ ይጮኻሉ፤ ከእንግዲህ አልውጥም ብለዋል አለችኝ። በንዴት ዳገቱን እንዴት እንደጨረስኩት አላውቅም። መቼ መቼ ነው የምትሰጪው ብላት ከሱብሂ፣ ከዙህር፣ ከአሱር፣ ከመግሪብና ከኢሻ ሶላት በኋላ ነው አለች። ፀሐይ ስትጠልቅ ከሚሰገደው መግሪብ እስከ ኢሻ እኮ አንድ ሰዓት ተኩል አይሞላም! ከንጋቱ ሱብሂ እስከ ቀትሩ ዙህር ግን ግማሽ ቀን ነው። ንዴቴ ወደ ራሴ ዞረ። ሙስሊም ቤት ገብቶ አምስት ጊዜ ብሎ ሰዓቱን ሳይናገር የሚወጣ እኔን የመሰለ ጅል ብቻ ነው።

«ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ሼህ ኢስሃቅ» አልኳቸው። «የመግሪቡን ይተዉትና ረፋድ ላይ፣ በዱሃ ሰዓት ይውሰዱት።»

«ብፈዝስ፣ ልጄ? ሸሃዳዬ ከሚጠፋኝ ስቃዩ ይሻለኛል።»

«ትናንት ሲጮኹ ሸሃዳ ማለት ይችሉ ነበር?»

 እጃቸውን ለክኒኑ ዘረጉ።

በሦስተኛው ቀን ጩኸቱ ቀረ። ማታ ከልጆቻቸው ጋር ይጫወታሉ፤ እኔ ስሄድ ደግሞ ይቺ ቁጡ መጣች እያሉ ይተርቡኛል። እንዲህ ሆነው ሦስት ሳምንት ሰነበቱ።

አንድ ቀን ከቀትር በፊት ትንፋሻቸው ተለወጠ። የደረቀ ከንፈራቸውን በእርጥብ ጥጥ አራስኩላቸው። ሸሃዳውን ሊያስታውሳቸው የሚገባው ልጃቸው ነበር፤ እሱ ግን እግራቸው ላይ ተደፍቶ ያለቅሳል። ኡሙሰልማም ፊቷን በሻርፗ ሸፍናለች። ዓይናቸው ወደ እኔ ዞረ፤ ጥርት ያለ ዓይን ነው።

«ሼህ ኢስሃቅ፣ ሰዓቱ ነው» አልኳቸው። «ይበሉ።»

ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አሉት፤ አንድ ቃል አልተሰናከለባቸውም።