የጋሮምሳ በርሜሎች

ከኖርዌይ ተመልሼ አዳማ ሥራ በጀመርኩበት ሰሞን ያልቀለደብኝ ሰው የለም። ባሕር በሌለበት አገር የባሕር ቆሻሻ ተምራ መጣች ይሉ ነበር። የሥራ ባልደረባዬ ማናሴማ ሞጆ ደረቅ ወደብ ሄደሽ መርከብ ጠብቂ ብሎ መክሮኛል። አብሬ እስቃለሁ። ግን ስድስት ዓመት ሙሉ በማይክሮስኮፕ ሥር ስለቅማቸው የኖርኩት የፕላስቲክ ፍርፋሪዎች እዚህ ለማን እንደሚጠቅሙ እኔም አላውቅም ነበር።

ስለዚህ የእናቴ ወንድም ጋሼ ጋሮምሳ ባለፈው ዓመት ቡልቡላ ቤታቸው አስቀምጠው ለመሆኑ ምን ነበር የተማርሽው ሲሉኝ ደስ አለኝ። ጋሼ ጋሮምሳ ወንዙ ዳር ቲማቲምና ሽንኩርት ያለማሉ። ሰው ሲናገር ሳያቋርጡ የሚሰሙ ሰው ናቸው። እንዲገባቸው ብዬ ከጓዳ የነጭ ጋዝ ጀሪካን አመጣሁና ስንቴ በሳሙና ቢታጠብ ሽታው እንደማይለቅ አስታወስኳቸው። ፕላስቲክ እንዲህ ነው አልኩ። ቅባትነት ያለውን ነገር ይወዳል። ባሕር ውስጥ ፀሐይና ማዕበል አድቅቀውት አሸዋ ሲያክል፣ ውሃው ውስጥ ተበትኖ የነበረው ፀረ ተባይና የፋብሪካ መርዝ እየመጣ ይለጠፍበታል። አንዷ ፍርፋሪ በዙሪያዋ ካለው ውሃ ብዙ ሺህ እጥፍ የበለጠ መርዝ ልትይዝ ትችላለች። ያንን ዓሣ ይውጠዋል፤ ዓሣውን ሰው ይበላዋል።

መጨረሻ ያልኩትን ግን የሰሙት አይመስለኝም። ዓይናቸው ጀሪካኑ ላይ ነበር።

"ውሃውን ትቶ ነው ፕላስቲኩ ላይ የሚለጠፈው?" አሉኝ።

"አዎ ጋሼ፣ ውሃውን ትቶ።"

ሌላ አልጠየቁኝም። እኔም አልጠየቅኳቸውም። የሚሰማኝ ሰው አገኘሁ ብዬ ተደስቼ ወደ አዳማ ተመለስኩ።

ዘንድሮ ግንቦት ላይ ልጃቸው አያንቱ እርግዝናዋ ሰባት ወር ገባ ሲባል ልጠይቃት ሄድኩ። አያንቱ ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ አስወርዷታል። በሁለተኛው ጊዜ አንዲት ነርስ የምትጠጪው ውሃ ከየት ነው ብላ ጠይቃት ነበር፤ ከዚያ ወዲህ አባቷ ከውሃ ሌላ ወሬ የላቸውም። የሰፈሩ ቦኖ ከተበላሸ ሁለት ዓመት አልፎታል። ሰው ሁሉ ከወንዙ ይቀዳል። ወንዙ ግን እዚያ የሚደርሰው የተባይ መድኃኒት በሚረጭባቸው የቲማቲም ማሳዎች መሀል አልፎ ነው። አንዱ ማሳ የራሳቸው የጋሼ ጋሮምሳ ነው።

መኪናዬን ፀሐይ ላይ አቁሜ ስወርድ በሩ ላይ ሦስት ሰማያዊ በርሜሎች ተደርድረዋል፤ ሴቶች ጀሪካን ይዘው ተሰልፈዋል። ከወሎ መጥታ እዚያው ሱቅ የከፈተችው ሑስና አየችኝና ሳቀች።

"መጣች ባለመድኃኒቷ" አለች። "ምነው እናቴ፣ ወንዝ አጣርተሽልን አንቺ ጠፋሽ?"

በርሜሉ ውስጥ ጎንበስ ብዬ አየሁ። እስከ አፉ ነጭ ክር ሞልቶታል። ጋሼ ጋሮምሳ ከቤት ወጥተው ተቀበሉኝ፤ በነጋ በጠባ እኔን ሲጠብቁ እንደነበር ፊታቸው ያስታውቃል። ግቢ ውስጥ ተጥለው የከረሙትን የማዳበሪያ ፕላስቲክ ከረጢቶች አንድ በአንድ እንደተረተሩ፣ መርዙ እንዲለጠፍበት ውሃውን ክሩ ላይ ሁለት ቀን እንደሚያሳድሩ፣ አርብ አርብ ክሩን ወንዝ ወርደው አለቅልቀው እንደሚመልሱ አስረዱኝ። አያንቱ አምስት ወር ሙሉ ከዚህ ሌላ ውሃ አልቀመሰችም። ጎረቤቱም አይቶ አንዳንዱ በየቤቱ ሠርቷል፤ ሌላው ከእሳቸው ይቀዳል።

በእፍኛቸው ቀድተው አስሸተቱኝ። ወንዙ የሚሸተው የመድኃኒት ሽታ ውሃው ላይ የለም። የደነገጥኩት ያኔ ነው። የተናገርኩት ሁሉ እውነት ነበር።

አንድ ክር መዝዤ በጣቶቼ መሀል አሸሁት። ፀሐይ የበላው ከረጢት ስለነበር ደቅቆ እንደ ኖራ እጄ ላይ ቀረ። ብርጭቆ አስመጥቼ ከበርሜሉ ቀዳሁና ወደ ብርሃኑ አነሳሁት። ፀጉር የመሰሉ ብናኞች ውሃው ውስጥ ይዞራሉ።

ጋሼ ጋሮምሳን ከሴቶቹ ራቅ አድርጌ ነገርኳቸው። ክሩ ከመርዙ ከፊሉን እንደሳበ፣ ግን ራሱ እየደቀቀ የሳበውን ይዞ ወደ ብርጭቆው እንደሚወርድ፣ አርብ አርብ የሚታጠበውም ተመልሶ ወንዙ ውስጥ እንደሚገባ። እንደ ልማዳቸው ሳያቋርጡ ሰሙኝ።

"እሺ" አሉ። "ከወንዙ ይሻላል ወይስ ይብሳል?"

"አላውቅም።"

"ልጅቷን ምን ያህል ይጎዳታል?"

"እሱን ገና ማንም አያውቅም፣ ጋሼ። እየተጠና ነው።"

"እየተጠና ነው" ብለው ደገሙት። "ታዲያ ምን ላድርግ?"

ከሰልና አሸዋ ቢሆን ይሻል እንደነበር፣ ከሰልም መርዝ እንደሚስብ ነገርኳቸው። ከሰል እዚያው ደጃፋቸው ላይ በጆንያ ተደርድሮ ይሸጣል።

"ያን ቀን ለምን አልነገርሽኝም?"

ያን ቀን እኔ ያወራሁት ስለ ባሕር ነበር። ቤታቸው ገብቼ፣ በልቼ ጠጥቼ፣ ውሃው ከየት ነው አላልኩም።

ጋሼ ጋሮምሳ ሄደው የመጀመሪያውን በርሜል በትከሻቸው ገፍተው ገለበጡት። ውሃው ክሩን እየጎተተ በቦዩ አድርጎ ወደ ወንዙ ወረደ። እንደሚወርድ አውቅ ነበር፤ ግን የት ይድፉት? ሁለተኛውንና ሦስተኛውን አብሬያቸው ገፋሁ። ሴቶቹ ባዶ ጀሪካናቸውን ይዘው እርስ በርስ ተያዩ።

"የእኔ በርሜል ግን ይቆይ" አለች ሑስና፣ አሁን ሳትስቅ። "የሚሻለውን እስክታመጪ።"

አያንቱ በሩን ተደግፋ ሁሉንም ስትሰማ ቆይታለች። ሆዷን በሁለት እጇ ይዛለች።

"እኔስ አሁን ምን ልጠጣ?" አለችኝ።

ከአዳማ ስነሳ የገዛሁት የታሸገ ውሃ ትዝ አለኝና ወደ መኪናው ሮጥኩ። ፀሐይ ላይ ስለዋለ ጠርሙሱ ለመያዝ እንኳ ይፋጃል፤ ስጨብጠው ለስልሶ ተጨራመተ። ጋሼ ጋሮምሳ ከእጄ ተቀበሉኝ። አገላብጠው አዩት፤ በጣታቸው ጫን አሉት።

"ይኼስ ከምንድን ነው የተሠራው?" አሉኝ።

አያንቱ ጠርሙሱን ከአባቷ እጅ ወሰደችና ክዳኑን ከፈተች። ጠጥታ እስክትጨርስ ሁለታችንም ጉሮሮዋን እያየን ቆምን።