ሐኪም ያስፈለገው ልጅ

ዶክተር ገመዳ ስለ መርሳት በሽታ በአዳማ ከእኔ በላይ ላሳር ባይ ነው። አዲሱን ጥናት እየጠቀሰ የታማሚ ቤተሰቦችን «ያሉትን ተቀበሉ እንጂ አትሟገቷቸው» ሲል ከርሟል። ዛሬ ገና መኪናው ውስጥ እንደገባች የገዛ እናቱ «ሹፌር፣ ወለንጪቲ አድርሰኝ» አለችው። ክው ቢልም ምክሩ ትዝ ብሎት መሪውን ያዘ።

«ልጅ አለዎት፣ ማዘር?» አላት።

«አንድ አለኝ። ሐኪም ነበር፤ አሁንስ አሳዘነኝ።»

«ምነው?»

«በመጣ ቁጥር ‹ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው? ያለነው የት ከተማ ነው? እኔ ማን ነኝ?› ይለኛል። በዚህ ዕድሜው ስሙ ጠፋበት!» ወደ ጆሮው ጠጋ አለች። «ደህና ሐኪም ታውቅ እንደሆነ እባክህ ጠቁመኝ።»

ገመዳ እስከ ወለንጪቲ ድረስ አሰበ፤ አንድም አልመጣለትም።