ፍሪጅ አናት ላይ ያደረ ስንዴ

«ይሄን ትሪ ማነው የነካው?»

ተመራማሪዋ የማሞቂያ ሳጥኑን በር እንደከፈተች ጮኸች። በሙቀቱ ጠውልጎ መሞት የነበረበት የስንዴ ቡቃያ አረንጓዴ ሆኖ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ጎኑ ያለው ትሪ ደህና ቢሆን አይገርማትም፤ እሱን ትናንት ለስለስ ባለ ሙቀት አለማምዳዋለች። ይሄኛው ግን ከቀዝቃዛው መደርደሪያ ተነስቶ በቀጥታ ነው ከባዱ ሙቀት ውስጥ የገባው። እሷ እስከምታውቀው ድረስ።

«እኔ ነኝ። ታዲያ ምን ይጠበስ?» አለ የቀድሞ ባሏ ከወዲያኛው ጠረጴዛ።

ስንዴውን ያዳቀለው እሱ ነው፤ ሙቀት መቻሉን የምትፈትነው እሷ። ሲፋቱ ቤቱንም ድስቱንም ተካፍለዋል፤ ቤተ ሙከራውን ግን ለሁለት መክፈል አልተቻለም። በየቀኑ ያንን ፊት ማየት እንዴት ያለ ቅጣት ነው!

«የት ወስደኸው ነበር?»

«የኔን ቡቃያ መደርደሪያው ላይ ላስቀምጥ ብዬ ማታ ፍሪጁ አናት ላይ አደረግኩት። ጠዋት መለስኩልሽ። አልበላሁት!»

እጇን ፍሪጁ አናት ላይ አሳረፈች። ለብ ብሏል። ስንዴ እንዲህ ያለ ሙቀት ሲነካው የባሰ ሊመጣ ነው ብሎ ይዘጋጃል፤ አርፈው የነበሩ ዘረመሎች ሥራ ይጀምራሉ፤ ሰውነቱን ከጉዳት የሚጠብቁ ፕሮቲኖች ይመረታሉ። ከዚያ በኋላ የመጣ ከባድ ሙቀት በቀላሉ አይገድለውም። የእሷ ጥያቄ ግን ሳይዘጋጅ ድንገት ቢመጣበትስ የሚል ነበር።

«ደንቆሮ! ይሄንንም አለማምደህ ቁጭ አልክ!»

«ፍሪጅ ያቀዘቅዛል እንጂ ያሞቃል ብዬ በምን ልጠርጥር?» አለና ስልኩን አወጣ። «ይልቅ ፎቶ እናንሳቸው። ሁለቱም ቆመዋል። ነገ ዘሩን የሚያጸድቀው ኮሚቴ ይሄን ካየ ለገበሬ ይከፋፈላል፣ ያንቺም ኮንትራት ይታደሳል። ስለ ፍሪጁ ማን ያወራል?»

«ገበሬው ማሳው ላይ ፍሪጅ አለው?»

«አይ አንቺ! እኔን ለመጣል ስትይ ራስሽም ገደል ትገቢያለሽ።»

ያለው ውሸት አልነበረም። ሲወድቅ ብታይ ደስታዋ ነው። ኮንትራቱ ከቀረ ደግሞ እሷም ሥራ የላትም። ግን ያ ዘር ተዘርቶ አንድ ቀን ድንገተኛ ሙቀት ቢያቃጥለው፣ የሰው ዓመት ልፋት ነው የሚጠፋው።

እሱ ፎቶ ሳያነሳው በፊት ትሪውን ብድግ አድርጋ ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ገለበጠችው።

«አበድሽ እንዴ! ማን አበላሸው ሲሉሽስ?»

«እንዲያው ተበላሸ እላለሁ። ስምህን ለመጥራትም ደክሞኛል።»

ትሪው ላይ አዲስ አፈር ሞልታ የቀራትን ዘር ዘራች። መደርደሪያው ላይ ቦታ አጣች። የእሱን ቡቃያ አንስታ ፍሪጁ አናት ላይ አስቀመጠች።

እየሮጠ መጣ። «ኧረ አውርጂው! እዚያ ይሞቅበታል! ለዚህ እኮ ነው የኔን እዚያ የማላደርገው!»

ለካ ማታም ያውቅ ነበር። እሱ ፊቱን አዞረ።

እሷ እጇን እንኳ ሳትታጠብ፣ አፈር በአፈር በሆነ ጣቷ የኮሚቴው ሰብሳቢ ጋ ደወለች፤ ስለ ፍሪጁ ልታወራ።