ዘንጉሪ የሌለባት ዘንጉራ

ቱሃሚ ዘንጉሪ ወደ ተራራው ከመውጣቱ በፊት የነገሩ ይዞታ እንዲህ ነበር። በቱኒዝያ የስልክ ማውጫዎች ውስጥ ዘንጉሪ የሚባሉ ስልሳ አንድ አባወራዎች ነበሩ፤ ሠላሳ አራቱ ስፋክስ፣ አሥራ አራቱ ቱኒስ፣ ዘጠኙ ጋቤስ፣ አራቱ ሱስ። ከባሕር ማዶ ደግሞ ሰባት ማርሴይ፣ ሦስት ትሪፖሊ መኖራቸውን ቱሃሚ በደብዳቤ አረጋግጧል። ስሙ በወጣበት በዘንጉራ መንደር የሚኖር ዘንጉሪ ግን አንድም አልነበረም። ቱሃሚ ይህን ዜሮ ሦስት ጊዜ አጣርቶ በቀይ ቀለም ከቦታል።

ሠላሳ ሁለት ዓመት በስፋክስ አየር ማረፊያ የአየር ጠባይ ተመልካች ሆኖ ሠርቷል። በቀን ሦስት ጊዜ ሙቀት ይለካል፣ የነፋሱን አቅጣጫ ይመዘግባል፣ በመለኪያው ውስጥ የተጠራቀመ ዝናብ ካለም ይጽፋል፤ አብዛኛውን ጊዜ የለም። ጡረታ ሲወጣ የሚለካው አጣና ዘመዶቹን መለካት ጀመረ። በመመገቢያ ክፍሉ ግድግዳ ላይ የአገሩን ካርታ ሰቅሎ በእያንዳንዱ ዘንጉሪ ቤት ላይ ቀይ ስፒል ተከለ። ባለቤቱ ዘሊኻ ስፒሉ ሾርባ ውስጥ እንዳይገባ ብላ ካርታውን አንድ ክንድ ከፍ አስደረገችው። ለጎረቤት ስታወራም፣ ድሮ ዝናብ ይጠብቅ ነበር፣ አሁን ዘመድ ይጠብቃል፣ ሁለቱም አልመጡለትም ትላለች።

የአየር ግፊት በሚሣልበት መንገድ እኩል ቁጥር ያላቸውን ቦታዎች በሰማያዊ እርሳስ ሲያያይዝ የወጣው ሥዕል አውሎ ነፋስ መሰለ። ዳር ዳሩ ይሽከረከራል፤ መሐሉ ላይ፣ ዘንጉራ ላይ፣ ጸጥ ያለ ዓይን አለ። ቱሃሚ ይህን ዓይን ባየ ጊዜ አንድ ቤተሰብ ከአንድ መንደር እንዲህ ተነቅሎ የሚወጣው ተራ ሰው ስላልሆነ ነው ብሎ ደመደመ። ገዢ ቤት ነበሩ፤ ተቀናቃኝ ተነሣባቸው፤ በክብር ወጡ። በሥራ ዘመኑ ሙሉ ያላየውን ደመና ጽፎ የማያውቅ ሰው፣ ተራው የራሱ ዘር ሲሆን በአንድ ዜሮ ላይ ቤተ መንግሥት ሠራ።

ማስረጃም አለኝ ይል ነበር። ከቅድመ አያቱ ከዓሊ የወረደ አንድ የወይራ እንጨት በቤቱ ነበር፤ ርዝመቱ ሠላሳ አንድ ሳንቲ ሜትር፣ ክብደቱ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ግራም፣ ከአንዱ ጫፍ ላይ ሰባት የእንጨት ጥርሶች የቆሙበት። አባቱ ሲሞት "ይሄን እንዳትጥለው" ከማለት በቀር ምንም አልነገረውም። ቱሃሚ የሹመት በትር ነው ብሎ ወሰነ፤ ሰባቱ ጥርሶችም ሰባት ነገዶች ሆኑ። ሁለት ጊዜ ቫርኒሽ ቀባው። ስለዚያ እንጨት ያልለካው ነገር አልነበረም፤ ምን እንደሚሠራ ብቻ ማንንም ጠይቆ አያውቅም።

ይህ ሁሉ በመመገቢያ ክፍሉ ቢቀር ማንንም ባልጎዳ። ነገር ግን የመጨረሻ ልጁን፣ ፋርማሲስቷን ዮስርን፣ የሐጅ ኑሪ ልጅ ዋሲም ሊያገባት ሽማግሌ ይዞ መጣ። ሐጅ ኑሪ በአሮጌው ከተማ ውስጥ የዘይት መጭመቂያ ያላቸው፣ በቤተሰባቸው ስም የሚጠራ መንገድ ያለ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው። ሁሉም በደህና ሲሄድ የሐጅ ሚስት በለሰለሰ ድምፅ "ዘንጉሪ... የማናቸው?" ብላ ጠየቀች።

ቱሃሚ ይህን ጥያቄ ሦስት ዓመት ሲጠብቅ ኖሯል። ካርታውን አወረደ፣ እንጨቱን አወረደ፣ አርባ ደቂቃ ተናገረ። ዓሊ የዘንጉራ ግንብ ጌታ እንደነበረ፣ የአገሩ እህል ሁሉ በእጁ እንደነበረ፣ በትሩም ይኸው እንደሆነ አስረዳ። ዘሊኻ ጣሪያ ጣሪያ ታይ ነበር። ሐጅ ኑሪ ግን በጥሞና ሰምተው፣ እንዲህ ካለ ሰው ዘር ጋር ሲጋቡ ከጋብቻው ውል በፊት ግንቡ ድረስ ሄደው ለነፍሱ ፋቲሓ መቅራት እንደሚወዱ፣ መኪናውንም ራሳቸው እንደሚነዱ ተናገሩ።

ሰዎቹ ሲሄዱ ዮስር አባቷን ወጥ ቤት ውስጥ ያዘችው።

"አባዬ፣ ዋሲምን እወደዋለሁ። ደግሞ እነሱ ቤት ውሸታም የሚባል ሰው ሁለተኛ አይገባም። በእንጨት ምክንያት እንዳላጣው።"

ቱሃሚ ሳይንስ ነው ብሎ መለሰላት። ፊቷን ካየ በኋላ ግን ሌሊቱን በደንብ አልተኛም።

ሐሙስ ጠዋት በሐጅ ፔጆ ተነሡ። ቱሃሚ ካርታውን ጠቅልሎ፣ ማስታወሻ ደብተሩንና ሜትሩን ይዞ፣ በትሩን በዘሊኻ የክት ፎጣ ሸፍኖ ጭኑ ላይ አስቀምጦ ነበር። እስከ ጋቤስ ሲያወራ ቆየ። ተራራው መታየት ሲጀምር ወሬው እየቀነሰ መጣ፤ ሐጅ የሙቀቱን መጠን ቢጠይቁት እንኳ በግምት መለሰ።

ዘንጉራ አርባ የሚያህሉ ቤቶች በድንጋይ ገደል ላይ የተለጠፉባት መንደር ናት። ከአናቷ ላይ ግንቡ አለ፤ ዙሪያውን እንደ ቀፎ የተደራረቡ የጎተራ ክፍሎች፣ መሐል ላይ አደባባይ፣ መግቢያው ላይ በር የሌለው የበር ቅስት። ቅስቱ ሥር አንድ ሽማግሌ የሣር ቅርጫት ይታታሉ። ባባ ዒሳ ይባላሉ፤ ዘጠና ዓመት አልፏቸዋል፤ ዓይናቸው ደከም ቢልም ጆሯቸውና ምላሳቸው ሙሉ ናቸው። እንግዶቹን አስቀምጠው በወይራ ዘይት የታሸ በሶ አቀረቡ።

ቱሃሚ ደብተሩን ከፈተና፣ በዚህ መንደር ከዘንጉሪ ቤተሰብ የተረፈ ሰው ይኖር እንደሆነ ጠየቀ።

"ዘንጉሪ?" አሉ ባባ ዒሳ። "የለም።"

"አንድም?"

"አንድም።"

ቱሃሚ ወደ ሐጅ በድል አድራጊነት ዞረ። ከዚያም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ምን መዓት እንደወረደባቸውና ለምን ሁሉም በአንድ ጊዜ እንደወጡ ጠየቀ። ሽማግሌው ቅርጫታቸውን አስቀመጡ።

"ልጄ፣ እዚህ ያለው ሁሉ የዘንጉራ ሰው ነው። እኔን ዘንጉሪ ብትለኝ ከማን ትለየኛለህ? ይሄ ስም ለወጣ ሰው ነው። ወርዶ ባሕሩ ዳር ሲደርስ ሰዎቹ 'ከየት ነህ?' ይሉታል፣ 'ከዘንጉራ' ይላል፣ ያው ስሙ ሆነ ማለት ነው። የኔም ወንድም ቱኒስ ሲገባ ዘንጉሪ ሆነ። እዚህ እያለ የጠማማው ዒሳ ወንድም ነበር የሚባለው።"

ቱሃሚ እስክሪብቶውን እንደያዘ ቀረ። የስልሳ አንድ አባወራ አውሎ ነፋስ በአንድ ትንፋሽ ተበተነ። ሦስት ዓመት ሙሉ "ውድ የአጎቴ ልጅ" እያለ የጻፈላቸው ሰዎች እርስ በርሳቸው ዝምድና የላቸውም ማለት ነው። አንድ የማርሴይ ዘንጉሪ "እባክዎ ደብዳቤ አይላኩልኝ" ብሎ የመለሰለት ትዝ አለው፤ ያኔ የቤተሰቡ ኩራት ነው ብሎ አልፎት ነበር። ከአገሩ የወጣ ሰው በአገሩ ስም እንደሚጠራ ስፋክስ ውስጥ ዕቃ የሚሸከም ሰው ሁሉ ያውቃል። ጅርቢ የሚባሉት በጅርባ ደሴት ላይ እንደማይገኙ እሱም ያውቅ ነበር። በራሱ ስም ላይ ግን ማሰብ አልመጣለትም።

ሐጅ ኑሪ በሶአቸውን ቀስ ብለው ያኝካሉ።

ለቱሃሚ የቀረችው አንዲት ማስረጃ ብቻ ነበረች። ፎጣውን ፈታ። ባባ ዒሳ እንጨቱን ተቀብለው ወደ ዓይናቸው አስጠጉ፤ ጥርሶቹን አንድ በአንድ በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ። ሰባተኛው ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

"ይሄ ቁልፍ ነው" አሉ። "የያንዳንዱ ክፍል ቁልፍ አራት ጥርስ ነው ያለው። ሰባት የነበረው የትልቁ በር ብቻ ነው።"

ቀጥለው ታሪኩን ተናገሩ፤ ከአያታቸው እንደሰሙት፣ ምናልባት መቶ ጊዜ እንደተናገሩት፣ የት ላይ እንደሚሳቅበት እያወቁ። ከመቶ አሥራ ሁለት ዓመት በፊት የጎተራው ዘበኛ አንድ ዓሊ የሚባል ሰው ነበር። ገብሱ ገብቶ ዘይቱ ከተሞላ በኋላ ሁሉም እንደሚያደርገው ለወይራ ለቀማ ወደ ስፋክስ ለመውረድ ተነሣ። እንደ ደንቡ በሩን ቆለፈ። እንደ ደንቡ ቁልፉን ለተተኪው መስጠት ሲገባው ግን መቀነቱ ውስጥ ሸጉጦ ከግመሎቹ ጋር ወረደ። መንደሩ የራሱ እህል ከበሩ ወዲያ እየሸተተው አሥራ አንድ ቀን ከጎረቤት መንደር ተምር እየለመነ በላ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ማጠፊያውን በመጥረቢያ ሰብረው በሩን ከነ ሙሉ አካሉ ገነደሱት። ዓሊ ቁልፉን በሦስተኛው ቀን መንገድ ላይ አይቶታል ይባላል፤ አብረውት የወረዱት መስክረዋል። ልመለስ ወይስ ልቀጥል እያለ ግመል ላይ ተቀምጦ ሲያስብ ግመሉ ቀጠለ።

"ወቅቱ ሲያልቅ እመለሳለሁ ብሎ ነበር አሉ" ብለው ጨረሱ። "ይሄን አንተ ከየት አመጣኸው?"

በመጀመሪያ የተናገሩት ሐጅ ኑሪ ነበሩ፤ ቱሃሚን ሳያዩ፣ በሶአቸውን እያዩ።

"አቶ ቱሃሚ ከገበያ ገዝተውት ይሆናል። ስፋክስ ውስጥ አሮጌ ዕቃ የሚሸጡ ሞልተዋል።"

በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶለት ነበር። አዎ ማለት ብቻ ነው የሚጠበቅበት፤ ቅድመ አያቱ ይድናል፣ እሱም እንደ ዕቃ ሰብሳቢ ተከብሮ ይመለሳል። ግን አርባ ደቂቃ ሙሉ የተናገረውን ሐጅ ሰምተዋል። አዎ ካለ ያ ሁሉ ውሸት ነበር፤ የለም ካለ ደግሞ የሚድራት ልጁ የሌባ ዘር ናት። ዮስር ወጥ ቤት ውስጥ ያየችበት ዓይን ትዝ አለው። በሠላሳ ሁለት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን ብቻ፣ ጉንፋን ይዞት፣ ሳይወጣ አሥራ ስምንት ዲግሪ ብሎ ጽፎ ያውቃል፤ በማግስቱ ከጎኑ በቀይ ቀለም "ግምት" ብሎ ጨመረበት። ያችን ገጽ ማንም አንብቧት አያውቅም። እሱ ግን እስከ ዛሬ ስንተኛ ገጽ እንደሆነች ያውቃል።

"አልገዛሁትም" አለ። "ከተወለድኩ ጀምሮ ቤታችን ግድግዳ ላይ ነው። ዓሊ ቅድመ አያቴ ነው። ሐጅ፣ ጌታ ነበር ያልኩት እኔ ነኝ፤ ማንም አልነገረኝም። ቫርኒሽም ቀብቼዋለሁ።"

ባባ ዒሳ ሳቁ እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ። ከዚያ ተነሥተው ወደ አንድ ክፍል መሯቸው። የተገነደሰው በር ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል፤ መቆለፊያው አሁንም ላዩ ላይ ነው፤ የተሰበረው በማጠፊያው በኩል ስለሆነ ማንም ከፍቶት አያውቅም። ቱሃሚ ቁልፉን ሲያስገባ አልገባም። ቫርኒሹ ጥርሶቹን አወፍሯቸዋል። ሽማግሌው የቅርጫት መሥሪያ ቢላቸውን አውጥተው፣ ሁለት ጊዜ የተቀባውን የሚያብረቀርቅ ቀለም እያጉረመረሙ ፋቁት። በሦስተኛው ሙከራ ጥርሶቹ ከቦታቸው ገቡ፤ ወደ ላይ ሲነሣ መወርወሪያው ተንሸራተተ።

"ሰውየው እኮ አልተሻረም" አሉ ባባ ዒሳ። "የሚሻር ሰው መገኘት አለበት። ሥራው ያንተ ነው ማለት ነው።"

ሲመለሱ እስከ ጋቤስ አንድ ቃል አልተነጋገሩም። ቱሃሚ መቶ ሃያ ኪሎ ሜትር ያህል ዝምታ ለካ። ከጋቤስ ወጥተው ባሕሩ ሲታይ ሐጅ ኑሪ ፍጥነታቸውን ቀነሱ።

"ሚስቴ ትጠይቀኛለች" አሉ። "ትልቅ በር ነበር፣ ያለነሱ ፈቃድ የሚገባ አልነበረም እላታለሁ። ውሸት አለበት?"

ቱሃሚ አስቦ፣ አሥራ አንድ ቀን ያህል እውነት እንደሆነ መለሰ።

ሐጅ ትከሻቸው እስኪነቃነቅ ሳቁና ለመጀመሪያ ጊዜ "አንተ" አሉት። "ቅድም ገዛሁት ብትል ኖሮ፣ አንተ አማቼ፣ በሶዬን ጨርሼ ዝም ብዬ አወርድህና ሁለተኛ ደጅህን አልረግጥም ነበር። ያንን ገበያ አውቀዋለሁ። እንደዚህ ያለ እንጨት አይሸጥም።"

ውሉ በተቀጠረለት ቀን ተፈረመ። በሠርጉ ላይ የሐጅ ሚስት ለእንግዶች ስለ ትልቁ በር ስትናገር ዘሊኻ ማሳል አብዝታ ነበር።

ቱሃሚ ስፒሎቹን አንድ በአንድ እያጣራ ነቀለ። ከስልሳ አንዱ ውስጥ ከዓሊ የሚወለዱት አሥራ አንድ ብቻ ሆነው ተገኙ፤ የቀሩት በየጊዜው በየራሳቸው ምክንያት ከተራራው የወረዱ የሌሎች ሰዎች ልጆች ናቸው። ቁልፉ ዘንጉራ ቀረ። ቱሃሚም በየዓመቱ ከመጋቢት እስከ ግንቦት እዚያ ይከርማል፤ በር የሌለውን ጎተራ ይጠብቃል፣ ቅስቱ ላይ ባስቀመጠው መለኪያ ዝናብ ይለካል። በመጀመሪያው ዓመት አሥራ ዘጠኝ ሚሊ ሜትር አገኘ።

ጸደይ ላይ የተመዘገበው የመጨረሻ ቆጠራ ይህ ነው። በዘንጉራ የሚኖሩ ዘንጉሪዎች፣ ዜሮ። ስፋክሲ እየተባሉ የሚጠሩ፣ አንድ።